ውሃው ወደ ሰው የሚመጣበት ተራራ

በህንድ ከምትገኘው ከቲሩፓቲ ከተማ ተነስቶ ወደ ቲሩማላ ተራራ የሚወጣ ሰው ገና ዳገቱን ሳይጀምር የተቀደሰ ውሃ ያገኛል። ካፒላ ቲርታም ይባላል። ከገደሉ አፋፍ የሚወረወረው ፏፏቴ የሚያርፈው ዙሪያውን ደረጃ በተሠራለት የድንጋይ ኩሬ ውስጥ ሲሆን፣ ከኩሬው ዳር የሂንዱው አምላክ የሺቫ ቤተ መቅደስ ቆሟል። ዝናብ ሲበረታ ውሃው ደፍርሶና ጉልበት አግኝቶ ይወርዳል፤ በበጋ ቀጥኖ ድንጋዩን ከማርጠብ አያልፍም። ሰዉ ግን በሁለቱም ወቅት ይመጣል። ሴቶች ሳሪያቸውን እንደለበሱ ይጠልቃሉ፤ ወንዶች ሽርጥ አገልድመው ከፏፏቴው ሥር ይቆማሉ፤ ሕፃናት በአባቶቻቸው ክንድ ላይ ሆነው ጠብታው ሲነካቸው ይጮኻሉ። ትውፊቱ እንደሚለው ካፒላ የተባለ ባሕታዊ እዚህ ቦታ ሺቫን ሲማጸን ኖረ፤ አምላኩም ከምድር በታች ካለው ዓለም ወጥቶ ተገለጠለት፤ ጋንጋ ወንዝም በምድር ሆድ ውስጥ መንገድ አበጅታ ተከትላው መጣች። በካርታ ላይ ጋንጋ ከዚህ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ርቃ ነው የምትፈሰው። ከእኛ ኅዳር ጋር በሚቀራረበው የካርቲካ ወር፣ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን ደግሞ፣ የሦስቱ ዓለማት የተቀደሱ ውሃዎች ሁሉ ለጥቂት ሰዓታት እዚህች ኩሬ ውስጥ ይሰበሰባሉ ተብሎ ይታመናል።

ከኢትዮጵያ የሚመጣ መንገደኛ እንዲህ ያለ ቦታ ሲያይ ሐሳቡ ወዲያው ወደ ጠበል ይሄዳል። ቢሄድም አይፈረድበትም፤ ምንጩም፣ ገድሉም፣ በእርጥብ ልብስ የሚንቀጠቀጠው ምእመንም አለ። ይህ መመሳሰል ግን ዋናውን ነገር ሊጋርድብን ይችላል። እኛ ጠበልን ከሁሉ አስቀድመን የምናስበው ከፈውስ ጋር ነው፤ ስለ አንድ ጠበል ስንጠየቅ የምንናገረው ማን ከምን እንደዳነ ነው። የቲሩማላን ውሃዎች ታሪክ አንዱን ከሌላው አያይዞ ላደመጠ ሰው ግን ጎልቶ የሚሰማው በሽታ አይደለም፤ ኃጢአትም ቢሆን በሁለተኛ ደረጃ ነው የሚነሳው። ተረኮቹ ደጋግመው የሚያነሱት ርቀትን ነው። የተቀደሰው ነገር ሩቅ ነበር፤ ሰውየው ሊደርስበት አቅም አጣ፤ ነገሩ ራሱ ወደ ሰውየው መጣ። የዚህ ተራራ የውሃ ትውፊት ስለ መንጻት ከሚናገረው ይልቅ፣ አምላክ ለደከመ ሰው መንገድ ስለ ማሳጠሩ የሚናገረው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ይህን የሚቃወሙ ብርቱ ነገሮች አሉ፤ ወደ እነሱ የሚወስደውም ይኸው ዳገት ነው።

ተራራው በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት የሚገኘው የሴሻቻላም ሰንሰለት አካል ነው። ምእመናን ሰባት ኮረብታ ይቆጥሩለታል፤ ሰባቱም አምላኩ ቪሽኑ የሚያርፍበት የታላቁ እባብ የሴሻ ራሶች ናቸው። በተራራው ላይ ዋናው የቪሽኑ ቤተ መቅደስ ያለበት ከፍታ 850 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የእኛ ደገኛ ቆላ ብሎ የሚጠራው ከፍታ ነው። ሆኖም ከሥሩ ያለው ሜዳ ዝቅ ያለና የሚጋይ ስለሆነ ገደሉ ከፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል። መኪና መንገዱ ተራራውን በቆረጠበት ቦታ የሥነ ምድር ሰዎች የሚያደንቁት ነገር ይታያል፤ ከታች ግራናይት፣ ከላዩ ኳርትዛይት፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ 500 ሚሊዮን ዓመት የሚገመት የጠፋ ዘመን። ዝናቡ በላይኛው ድንጋይ ስንጥቅ እየሰረገ ይወርድና በየሸለቆው ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ጫካው በተፈጥሮ ከዚህ አካባቢ ውጭ የማይገኘው ቀይ ሰንደል የሚበቅልበት ነው። በዚህ ጫካ መካከል ከአሊፒሪ ተነስቶ 3,550 ደረጃ ያለው የእግር መንገድ ወደ ላይ ይወጣል። ስእለት ያለባቸው ሴቶች በእያንዳንዱ ደረጃ ጎንበስ እያሉ እርድና ቀይ ዱቄት ይቀባሉ፤ ለደረጃ ሁሉ ጎንበስ ማለት ለወገብ ምን ያህል ሸክም እንደሆነ፣ ከእነሱ ኋላ ቀስ ብሎ የሚወጣ ሰው ያየዋል። የመጀመሪያው የመኪና መንገድ እ.ኤ.አ. በ1944 ተከፍቷል፤ አውቶቡሱ ተራራውን በሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል፤ ደረጃው ግን እስከ ዛሬ ሰው አላጣም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ተቃውሞ እዚሁ ደረጃ ላይ ይነሳል። ርቀት እንዲያጥር የተመኘ ሕዝብ ቢሆን ኖሮ ለምን በእግሩ ይወጣል? ቪሽኑን የሚያመልከው የስሪ ቫይሽናቫ ትምህርት ታላቁ መምህር ራማኑጃ ተራራው የቅዱሱ እባብ አካል ስለሆነ በእግሬ አልረግጠውም ብሎ በጉልበቱ ወጣ ይባላል፤ ይህ መንገድ ማሳጠር ሳይሆን ማርዘም ነው። ተቃውሞው እውነት አለው፤ መልሱም ከተረኮቹ ውስጥ ይገኛል። በየታሪኩ መንገዱን የሚያሳጥረው አምላኩ እንጂ ሰውየው አይደለም። ሰው ድርሻውን ይሄዳል፤ አቋራጭም አይፈልግም፤ ጉልበቱ ሲከዳው ግን ከወዲያኛው ወገን አንድ ሰው ወጥቶ ይቀበለዋል። ደረጃውን መውጣትና ውሃው ወደ እኛ መጣ ማለት እርስ በርስ አይጣሉም።

ከላይ ሲደረስ መንደሩ መሀል ላይ፣ ከቤተ መቅደሱ አጠገብ፣ ስዋሚ ፑሽካሪኒ የተባለው ሰፊ ኩሬ አለ። አራቱም ጎኑ በደረጃ የተሠራ ነው፤ በመካከሉ በዓምዶች የቆመች ትንሽ የድንጋይ ድንኳን አለች። ትውፊቱ ይህን ኩሬ በምድር ላይ የተቆፈረ አያደርገውም። ቪሽኑ በሰማያዊ መኖሪያው በቫይኩንታ የሚዝናናበት ኩሬ ነበር፤ ወደ ምድር ሊወርድ ሲወስን ጋሩዳ የተባለው ንሥሩ ኮረብታውንና ውሃውን ተሸክሞ አመጣለት። ከታኅሣሥ እስከ ጥር በሚውለው የቫይኩንታ በዓል ማግሥት ደግሞ በዓለም ያሉ ሦስት ክሮር፣ ማለትም 30 ሚሊዮን፣ የተቀደሱ ውሃዎች ከዚህ ኩሬ ጋር ይቀላቀላሉ ይባላል። ጎሕ ሳይቀድ የሚጠልቀው የገጠር ገበሬ ወደ ሂማላያም ወደ ጋንጋም ሊሄድ የሚችልበት ገንዘብ በዕድሜው ላያገኝ ይችላል። ለእሱ የተነገረው ቃል ግልጽ ነው፤ አንተ ካልደረስክባቸው እነሱ ይደርሱብሃል።

በመስከረም ወይም በጥቅምት የሚከበረው ብራህሞትሳቫም ዘጠኝ ቀን ይቆያል፤ በመጨረሻው ቀን የቪሽኑ ክብ መሣሪያ፣ ሱዳርሻና የተባለው ዲስክ፣ ወደ ኩሬው ይወርዳል። ካህናቱ ዲስኩን ይዘው ሲጠልቁ በደረጃው ላይ የተሰበሰበው ሺህ ሕዝብ በዚያችው ቅጽበት አብሮ ይገባል። ጥምቀትን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያይ ጎንደር የፋሲለደስን መዋኛ ማሰቡ አይቀርም። ልዩነቱን ግን መያዝ ያስፈልጋል። የእኛ በዓል የዮርዳኖስ መታሰቢያ ነው፤ ታቦቱ ወደ ውሃው ዳር ይወርዳል፣ ውሃው ይባረካል፣ ታቦቱ ራሱ ግን አይጠልቅም። በቲሩማላ የተቀደሰው ነገር ራሱ ይታጠባል፤ ሰውም ከእሱ ጋር በአንድ ውሃ ውስጥ ይሆናል። እዚህ በመካከል የቀረ ርቀት የለም። በትውፊቱ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ሥርዓት ነው፤ ምክንያቱም ተረክ ሳይሆን በየዓመቱ በዓይን የሚታይ ድርጊት ነው።

ከታጠበ በኋላ ሰው ወደ ዋናው ቤተ መቅደስ በቀጥታ አይሄድም። በኩሬው ሰሜን ምዕራብ ዳር ወዳለችው አነስተኛ የቫራሃ መቅደስ ጎራ ይላል። ቫራሃ ቪሽኑ በከርከሮ አምሳል ሆኖ ምድርን ከጥፋት ውሃ ውስጥ በጥርሱ ያወጣበት መልኩ ነው። ተረኩ እንደሚለው ተራራው የእሱ ርስት ነበር፤ በኋላ የመጣው ሌላው የቪሽኑ መልክ ሽሪኒቫሳ፣ ዛሬ ዓለም ቬንካቴስዋራ ብሎ የሚያውቀው፣ ማረፊያ መሬት ለመነው። ኪራይ የሚከፍልበት ስላልነበረው፣ የሚመጣው ሁሉ በቅድሚያ ለአንተ ይስገድ፣ መሥዋዕቱም በቅድሚያ ለአንተ ይቅረብ ብሎ ቃል ገባ። ቃሉ እስከ ዛሬ ይጠበቃል። በሀብቱ የታወቀው አምላክ በትውፊቱ ውስጥ ጭሰኛ ነው፤ ወደ ሰው ለመቅረብ ሲል እንደ ሰው መሬት ለምኗል።

ይህን የመቅረብ ጉጉት ከሁሉ በላይ ግልጽ አድርጎ የተናገረው ምናልባት ኩላሴካራ የተባለው የታሚል ባለ ቅኔ ነው። ትውፊት የቼራ ንጉሥ ነበር ይለዋል። በመዝሙሩ ውስጥ ሥልጣኑን አልፈልገውም ይልና በዚህ ተራራ ላይ ምን ሆኖ መወለድ እንደሚመርጥ አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ በኩሬው የሚኖር የውሃ ወፍ፣ በምንጩ የሚዋኝ ዓሣ፣ የጫካው ዛፍ፣ በመጨረሻም አምላኩ ፊት ያለ የደጃፍ ድንጋይ። የቅድስተ ቅዱሳኑ ደፍ ዛሬም በእሱ ስም ይጠራል። የዝርዝሩን አቅጣጫ ልብ ይሏል፤ ንጉሡ ከውሃው ዳር ይጀምርና ሲጠጋ፣ ሲጠጋ፣ ምንም ርቀት እስከማይቀርበት ድንጋይ ድረስ ይሄዳል። ስለ ኃጢአቱ ስርየት የሚናገር ሰው እንዲህ አይዘረዝርም።

ከቤተ መቅደሱ የሚወጣው ተሳላሚ እጁን ጎድጎድ አድርጎ ይዘረጋል፤ ካህኑ በማንኪያ ጥቂት ውሃ ያንጠባጥብለታል። ውሃው ካፉርና የጣፋጭ ቅመም ሽታ አለው። ሰውየው ይጠጣና በመዳፉ የቀረውን እርጥበት በራሱ ላይ ያብሳል። ቀጥሎ የታወቀው ላዱ አለ፤ ከሽምብራ ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከተነጠረ ቅቤ፣ ከካጁ፣ ከዘቢብና ከሄል የሚድበለበል፣ ጭብጥ የሚሞላ ጣፋጭ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በሕግ የተጠበቀ የአካባቢ መለያ አግኝቷል። በተራራው ላይ ሥጋ፣ እንቁላልና መጠጥ የለም። ጾም የሚያውቅ ሐበሻ እዚህ ምግብ አያጣም ብሎ ቢያስብም፣ ቅቤና እርጎ በየዓይነቱ ውስጥ ስለሚገቡ ለጾመኛ የሚሆነው በታማሪንድ የጎመዘዘው ሩዝ ነው።

ለክርክሬ ዋናው ማስረጃ ያለው ግን ከቤተ መቅደሱ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በጫካ ውስጥ ነው። አካሻጋንጋ የተባለ ምንጭ ነው። ታሪኩ የቲሩማላ ናምቢ ነው። ናምቢ የራማኑጃ አጎት ነበር፤ ራማያናን ያስተማረውም እሱ ነው። የሕይወቱ ሥራ ግን ውሃ መቅዳት ነበር። በየማለዳው ፓፓቪናሳናም ወደተባለው ራቅ ያለ ፏፏቴ ወርዶ፣ ለአምላኩ መታጠቢያ የሚሆን ውሃ በእንስራ ተሸክሞ ይመለሳል። አረጀ፤ ሥራውን ግን ለሌላ አልሰጠም። አንድ ቀን በመንገድ ላይ አንድ ወጣት አዳኝ ጠምቶኛል አለው። ሽማግሌው፣ ውሃው የአምላክ ነው፣ አልሰጥህም አለ። አዳኙ ከኋላ እየተከተለ እንስራውን በቀስት በሳው፤ የሚፈሰውንም ጠጣ። ሽማግሌው እንስራው ባዶ መሆኑን ሲያውቅ በዚህ ዕድሜዬ እንደገና እንዴት እመለሳለሁ ብሎ አለቀሰ። አዳኙም፣ አያቴ ሆይ አታልቅስ አለና ቀስቱን ወደ አለቱ ወረወረ፤ ከአለቱ ውሃ ፈለቀ። ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ቅዳልኝ ብሎ ተሰወረ። አዳኙ ቬንካቴስዋራ ራሱ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ማንም አልታመመም፣ ማንም አልተፈወሰም፣ ስለ ኃጢአትም አንድ ቃል አልተነገረም። ውሃው የተፈጠረው የአንድ ሽማግሌ ጉልበት ስለደከመ ብቻ ነው። አምላኩም ሥራውን አልሻረለትም፤ እረፍ አላለውም፣ ውሃውን ቤተ መቅደሱ ደጃፍ ድረስ አላፈሰሰለትም። መንገዱን በዕድሜው ልክ አሳጠረለት። የእሱ ዘሮች እስከ ዛሬ ከአካሻጋንጋ ለሥርዓተ አምልኮው ውሃ ያመጣሉ፤ በዓመት አንድ ጊዜም ታሪኩን የሚያስታውስ በዓል ይከበራል፤ ካህናቱ እንስራ በራሳቸው ተሸክመው በሰልፍ ይሄዳሉ። የቧንቧ ውሃ ቤተ መቅደሱ ግቢ ውስጥ አለ። እነሱ ግን አምላካቸው ካሳጠረላቸው በላይ አያሳጥሩትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ይህ ሁሉ የካህናት ፈጠራ ነው የሚለው ነው። ለእያንዳንዱ ኩሬ ተአምር ከተሰፋለት ተሳላሚ ይበዛል፣ ስጦታም ይበዛል። የቲሩማላ ታሪክ ለዚህ ጥርጣሬ ምክንያት አይነሳውም። የቪጃያናጋር ንጉሥ ክሪሽናዴቫራያ ሰባት ጊዜ መጥቶ ወርቅና ዕንቁ አፍስሶበታል፤ የእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ከገቢው ተጠቅሟል፤ ዛሬ ደግሞ በዓለም ከታወቁት ሀብታም ቤተ መቅደሶች አንዱ ነው። ጥቅም አልነበረም የሚል ሰው የዋህ ነው። ሆኖም ጥቅም የታሪኩን መኖር እንጂ ይዘቱን አያስረዳም። ገንዘብ ለመሰብሰብ የሚፈጠር ተረክ የሚመርጠው ፈውስን፣ ልጅ ማግኘትን፣ ንግድ መቃናትን ነው። ስለ አንድ ውሃ ቀጂ ሽማግሌ ዕንባ ማውራት ለሙዳየ ምጽዋት ምን ይጨምራል? ነጋዴው ተረኩን ተጠቅሞበት ሊሆን ይችላል፤ የፈጠረው ግን መንገዱን በእግሩ የሚያውቅና ሸክም የቆረጠው ሰው ይመስለኛል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል። ውሃው ለማን ነው የቀረበው? በዝቅተኛ ካስት የተፈረጁና ዛሬ ዳሊት የሚባሉ ሰዎች ለብዙ ዘመን በህንድ ከተቀደሰው ኩሬ ቀርቶ ከመንደሩ ጉድጓድ እንኳ እንዳይቀዱ ተከልክለው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1927 የዳሊቶች መብት ተሟጋቹ አምቤድካር በማሃድ ከተማ ሕዝብ አስከትሎ ከአንድ የሕዝብ ኩሬ ውሃ መጠጣቱ እንደ ታላቅ ዓመፅ ተቆጥሮ ነበር። ቲሩማላ ያኔ የነበረችበት የማድራስ ክፍለ ሀገር ቤተ መቅደሶችን ለሁሉም ሂንዱ የሚከፍት ሕግ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። የ1950ው የህንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 15 ማንም ሰው በዘሩ ወይም በካስቱ እንዳይከለከልባቸው ከዘረዘራቸው ነገሮች መካከል ጉድጓዶች፣ ኩሬዎችና የመታጠቢያ ደረጃዎች በስም ተጠቅሰዋል። አንድ ሕገ መንግሥት የመታጠቢያ ደረጃን በስም ለመጥራት ሲገደድ፣ ቁስሉ ምን ያህል ጥልቅ እንደነበረ ይታወቃል። ሰማያዊው ኩሬ ወደ ምድር ወረደ እያለ የሚዘምር ሕዝብ ጎረቤቱን ከኩሬው አግዷል። ይህን በምንም ማስተባበያ ማለስለስ አይገባም።

ነገር ግን ተረኮቹ ከከልካዮቹ ጋር አብረው አይቆሙም። ብሂማ የተባለ ድሃ ሸክላ ሠሪ ወደ ቤተ መቅደሱ ለመሄድ ጊዜም አቅምም ስላልነበረው፣ የአምላኩን ምስል በቤቱ አኑሮ ከሥራው በተረፈ ጭቃ አበባ እየሠራ ያቀርብ ነበር። ንጉሥ ቶንዳማን በቤተ መቅደሱ የሚያቀርበው የወርቅ አበባ ተገፍቶ፣ በቦታው የጭቃ አበባ እየተገኘ ተቸገረ። በመጨረሻም ንጉሡ ወደ ሸክላ ሠሪው ጎጆ ሄደ። ዛሬም የኩላሴካራን ደፍ አልፎ ወደ አምላኩ የሚገባው ምግብ በወርቅ ሳይሆን በተሰበረ አዲስ የሸክላ ዕቃ የሚቀርብ እርጎ በሩዝ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የተራራው ታላቅ መዝሙረኛ አናማቻርያም የዘር ልዩነትን የሚቃወም መዝሙር ትቷል። ስለዚህ ሕጉ ከውጭ መጥቶ ትውፊቱን ሰበረ ማለት ግማሽ እውነት ነው፤ ትውፊቱ ራሱ ከልካዮቹን ለዘመናት ሲከስ ነበር።

የውጭ ሰው ጉዳይም አለ። ሂንዱ ያልሆነ ሰው ወደ ዋናው ቤተ መቅደስ ለመግባት በአምላኩ እንደሚያምን የሚገልጽ ቅጽ እንዲፈርም ይጠየቃል። በዚሁ ግዛት በቪሳካፓትናም ባለው አንድራ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለተማሩ፣ ይህ ጥያቄ ለሀገራችን ሰው ባዕድ አይደለም። የማያምን ሰው በሐሰት ባይፈርም የተሻለ ነው፤ ለራሱም ለእነሱም ክብር ይሆናል። የጫካው ውሃዎች ያለ ፊርማ ይጎበኛሉ።

ከአካሻጋንጋ አልፎ፣ ከቤተ መቅደሱ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ፓፓቪናሳናም አለ፤ ኃጢአትን የሚያጠፋው ተብሎ ነው የሚታወቀው። ሽማግሌው ይቀዳበት የነበረው ፏፏቴ ዛሬ ከግድብ በታች ነው። ተሳላሚዎች ውሃውን የሚያገኙት ከግድግዳ ላይ ከተደረደሩ አፎች ሲሆን፣ ወንድና ሴት ለየብቻ ይታጠባሉ። በተራራው ላይ የተቀደሱትን ውሃዎች ስም የያዙ ግድቦች አሉ፤ በቀን ከ60 እስከ 70 ሺህ የሚደርስ ተሳላሚ የሚጠጣውና የሚታጠበው በአብዛኛው ከእነሱ ነው። ፑሽካሪኒም ቢሆን በየዓመቱ ከታላቁ በዓል በፊት ውሃው ተመጥጦ፣ ደለሉ ተጠርጎ እንደገና ይሞላል፤ በሌላው ጊዜ ውሃው በማጣሪያ ይዘዋወራል። ታዲያ ምን ቅድስና ቀረ የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ግድቡ ተረኩን ያፈረሰ አይመስለኝም። ውሃን ወደ ደከመ ሰው ማምጣት ነው የሚሠራው፤ ቀስቱም የሠራው ይህንኑ ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ቧንቧው ውሃ ያመጣል እንጂ አያፈልቅም። ምንጮቹን የሚመግበው ጫካ በቀይ ሰንደል ሌቦች መጥረቢያ ሲሳሳ፣ ጋንጋም ሆነች ጋሩዳ የሚያመጣው ውሃ አይኖርም። ሕዝቡም ሲበዛ ቅርበት ራሱ ይገድላል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ በቫይኩንታ በዓል መግቢያ ትኬት ለመውሰድ በቲሩፓቲ በተፈጠረ ግፊያ ስድስት ሰዎች ሞተዋል።

አንድ ውሃ ግን አልቀረበም። ቱምቡሩ ቲርታም በጫካው ጥልቀት፣ ሁለት ግድግዳ በሆኑ ቋጥኞች መካከል ባለ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ነው። መኪና አይደርስበትም። ሕዝብ የሚሄድበት ዋነኛው ቀን በሂንዱ አቆጣጠር የፋልጉና ወር ሙሉ ጨረቃ ነው፤ በመንገዱ ምግብና ውሃ ይታደላል፤ ለሽማግሌዎች፣ ለልብና ለአስም ሕመምተኞች ግን አትሂዱ ተብሎ ይነገራል። ይህ ለክርክሬ የሚመች ማስረጃ አይደለም። ሁሉም ውሃ ወደ ሰው የሚመጣ ከሆነ ይህ ለምን ሩቅ ቀረ? የሚያጠግበኝን መልስ ያገኘሁት በ18ኛው ክፍለ ዘመን በተወለደች ሴት ታሪክ ውስጥ ነው። ታሪጎንዳ ቬንጋማምባ በልጅነቷ ተድራ ባሏ ሞተባት፤ በጊዜው ልማድ ፀጉሯን እንድትላጭ ስትጠየቅ እምቢ አለች። ወደ ቲሩማላ ወጥታ በቤተ መቅደሱ አጠገብ ትዘምር ጀመር። ትውፊቱ እንደሚለው እዚያም ጎረቤቷ የነበረ ካህን አላስቀምጥ ብሎ ቢያስቸግራት፣ የቅርቡን ትታ ወደ ቱምቡሩ ሸለቆ ወርዳ በዋሻ ውስጥ ለዓመታት ተቀመጠች። ሩቁ ውሃ ከቅርቡ የተገፋ ሰው ማረፊያ ሆነ። የዚህን ተራራና የውሃዎቹን ታሪክ ቬንካታቻላ ማሃትምያም በሚል ርዕስ በቴሉጉ ግጥም የጻፈችው እሷ ናት። ዛሬ ተሳላሚ ሁሉ በነጻ የሚበላበት የተራራው ትልቅ የምግብ አዳራሽ በስሟ ይጠራል፤ ዘሩንና ኪሱን የሚጠይቀው ሳይኖር ሰው በየረድፉ ይቀመጣል፣ የሙዝ ቅጠል ይዘረጋለታል፣ ሩዝና የምስር ወጥ ይቀርብለታል፤ የመጀመሪያው ረድፍ ሲነሳ ቀጣዩ ይገባል።